ሁለተኛ እጅ

«ነጩ የሚገባው ሰው የጎደለበት ቤት ነው» ይል ነበር የዕቃ ቤቱ ሹም። ሳጥን ሲቆጥር ይላል፤ ሻይ ሲያማስል ይላል፤ ደረጃ ላይ ቢያገኙት ከሰላምታ አስቀድሞ ይላል። ማን ነገረዎት ሲሉት «ሰው»፣ የትኛው ሰው ሲሉት «ሁሉም ሰው»። አንድ ቀን ጸሐፊዋ «ታዲያ እርስዎ ጋ እንዴት አልገባም? ጥርስ የጎደለበት አፍ ይዘው!» ብላ ስትተርበው ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እሱ ብቻ አልሳቀም። ድርጅቱ የሚያስመጣው ሦስት ዓይነት የጌም ማሽን ነው። ሳጥናቸው ላይ የተጻፈውን ረጅም የፋብሪካ ስም አስተካክሎ የሚጠራ ስለሌለ ጥቁሩ፣ ነጩ እና የኪሱ ይባላሉ። ጥቁሩ ዋጋው እንደ አማች የሚከብድ፣ የኪሱ ርካሽና ቀልቃላ ነው፤ ነጩ ደግሞ ከሁለቱ ቀድሞ መጥቶ ሁለቱም ጥለውት ያለፉት፣ መሐል ላይ የቀረ ነው።

ወሬውን አብልጣ የምትንቀው የሽያጭ ተንታኟ ነበረች። በቢሮው «ማስመሪያ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን እንደ ሹመት ነበር የተቀበለችው። ዲግሪ የላትም። ሰንጠረዥ መሥራትና መስመር መሳልን የተማረችው ማንም ሳያስተምራት፣ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ ዓይኗን እያፈሰሰች ነው፤ በዲግሪ የገቡትን ስታርም ታዲያ አፏ ምሕረት አያውቅም። «ቁጥር ዘመድ የለውም» ትላለች። ለሹሙም፣ «ጋሼ፣ ሰው የጎደለበት ቤት የሚገባው አከራይ ነው። ነጩ የሚገባው ጥቁሩን መግዛት ያቃተው ቤት ነው» ብላዋለች። ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ ልጄ። አንቺ ቁጥሩን ታውቂያለሽ።»

በዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ በማይጠፋበት የስብሰባ ክፍል፣ ሦስቱን መስመሮች ግድግዳው ላይ አሳየች። የጥቁሩ መስመር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዘላል፤ ደመወዝ ሲርቅ ይተኛል። የኪሱ የጥቁሩ ጥላ ነው፤ ያኛው ሲወደድ ይኼኛው ይስቃል። ነጩ በአስራ አንዱ ሱቆች ከዓመት ወዲህ እንደ ደረቀ ምንጭ ወርዶ ወርዶ ዜሮን ሊስም ምንም አልቀረውም። የአስራ ሁለተኛው ሱቅ ነጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰባት። ሰባት። ስምንት። ሰባት። ስድስት። ሰባት። አርባ አንድ ሳምንት ሙሉ። ዝናብ አላወረደው፣ ዕረፍት አላወጣው፣ የዋጋ ቅናሽ አላነቃው። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ መስመሩን በባዶ ዓይኑ አየው። ዳቦ እንኳ እንዲህ አይሸጥም። ሰው የሚገዛው ማናቸውም ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ለረጅም ጊዜ ላየው የሚተነፍስ ይመስላል።

እሷ ግን ምስጢሩን ይዛ ነበር የመጣችው። ሻጮች ለእያንዳንዱ ሽያጭ «የተገዛበት ምክንያት» የሚል የቅጽ ሳጥን በእጃቸው ይሞላሉ። ሌሎቹ ሱቆች «ለልጅ»፣ «ለስጦታ»፣ አንዳንዱ ሰነፍ ደግሞ «እንጃ» ብለው ይጽፋሉ። አስራ ሁለተኛው ሱቅ አርባ አንዱንም ሳምንት የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሁለተኛ እጅ»። ስለዚህ ደረቷን ነፍታ ተናገረች። ያገለገለ ዕቃ ነው የሚሸጠው፤ እነዚያው ሰባት ማሽኖች እየወጡ፣ እየተመለሱ፣ እንደ አዲስ እየተመዘገቡ ይዞራሉ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ። «ይኸው! አየሽ? ዓመት ሙሉ ማንም ያላየውን! በቃ፣ ነጩ ይቁም፤ ሱቁም ይዘጋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጽፈሽ አምጪልኝ። የክፍሉን ኃላፊነት ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ያንቺ አድርጊው።»

ሁሉም አጨበጨበ። እሷ ግን ምላሷ ከልቧ ቀድሞ እንደሮጠ የገባት ያኔ ነው። ግድግዳው ላይ የተንጸባረቀውን የቅጹን የእጅ ጽሑፍ ታውቀዋለች። «ሁ»ን ስትጽፍ ቅጥያዋን እንደ መንጠቆ የምታጎብጥ ሰው በዓለም ላይ አንዲት ናት፤ ያቺም እሷን ራሷን ፊደል ያስቆጠረቻት ታላቅ እህቷ ናት። እህቷ የአስራ ሁለተኛው ሱቅ ሻጭ መሆኗን በቢሮው የሚያውቅ የለም፤ ደብቃ አይደለም፣ ማንም ስላልጠየቃት ነው፤ ብላ ራሷን አሳምናለች። «ቦታውን አይቼ ልጻፈው» አለች ቦርሳዋን እያነሳች።

ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በስተጀርባ፣ በቁልፍ ቀራጭና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሰነቀረ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ቀዳዳ ነው። መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነበር፤ እሷ ግን በጭንቅላቷ የምትሰድረውን ዘለፋ ለማሳመር አርባ ደቂቃ ዞረች። እቴቴ፣ ሌባ ሆንሽ ወይ? እቴቴ፣ እኔን ለማዋረድ ነው? ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ቤት ነው፤ የሚነጋገሩት ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ ቁልፍ ነው። እናታቸው ከሞተች ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ይቀራታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ታናሽየዋ የእናቷን ክፍል በር አልነካችም፤ ታላቅየዋ ግን ምሳዋን ይዛ ትገባለች፤ አንዳንድ የዕረፍት ቀን ከበሩ ጀርባ ጠቅ… ጠቅ… የሚል ድምፅ ይሰማል። ታናሽየዋ፣ እህቷ ሥራ ፈታ በጌም ጊዜዋን የምትገድል ይመስላት ነበር፤ ንቃ ታልፋለች። አሁን መንገድ ስታቋርጥ ግን አንድ ቁጥር እግሯን ያዘው። መስመሩ የጀመረው ከአርባ አንድ ሳምንት በፊት ነው። እናታቸው ከሞተች አርባ ሦስት ሳምንቷ ነው። ከኋላዋ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ «የኔ እመቤት፣ እዚህ ልታድሪ ነው?» አለ ባለመኪናው።

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። የመናኸሪያው ሹፌር ነው፤ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ የተንጠለጠለ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰውዬ። እህቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ በዓይኗ ብቻ ጥግ ያለችውን ዱካ አሳየቻት። ተቀመጠች።

«ሁለተኛ እጅ ያለውን ነጭ ነበር የፈለግሁት» አለ ሰውዬው፣ ቤተ መድኃኒት የገባ ሰው በሚያወራበት ድምፅ።

«ካርዱን ይዘዋል?»

ከደረት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጥፍር የምታክል የአሮጌ ማሽን የጨዋታ ማስቀመጫ ካርድ ናት።

«ማን ናቸው?»

«ታናሽ ወንድሜ። ሦስት ወሩ ነው።» መሐረቡን አጠፈ። «ይናደድ ይሆን እንዴ? ሲሸነፍ ይናደድ ነበር። አንድ ቀን የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ በኔ ላይ ወርውሮ ይኸው ግንባሬ…»

«አይናደድም» አለች እህቷ፣ ካርዷን በሁለት ጣቷ እየተቀበለች። «የሚመጡት ሁሉ ደግ ሆነው ነው የሚመጡት። የመጀመሪያውን ቀን አያብዙት። ዝም ብለው ተራዎን ይጠብቁ።»

ሰውዬው አስራ አራት ሺህ ብሩን በሁለት እጁ ሰጥቶ፣ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በጎኑ ተጠማዝዞ ወጣ። እህቷ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ የቅጹ ሳጥን ውስጥ «ሁለተኛ እጅ» ብላ ጻፈች፤ የ«ሁ»ን ቅጥያ ጎበጥ አደረገች።

ተንታኟ ከመደርደሪያው አንድ ነጭ ሳጥን አወረደች። ሁለት ዓመት ስትተነትነው የኖረችውን ማሽን ሳጥን አንድም ቀን አንብባው አታውቅም፤ ያነበበችው ቁጥሩን ነው። በጎኑ፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፦ ሁለተኛ እጅ፤ ብቻዎን ሲሆኑ አብሮዎት የሚጫወት። አሮጌ ካርድ ሲያስገቡለት የባለቤቱን አጨዋወት ይማራል። ፊቷ ከጆሮዋ ጀምሮ ጋለ። በዚህ ሁሉ ስብሰባ ላይ፣ በዚህ ሁሉ ኩራት፣ ያገለገለ ዕቃ!

«እና ሰባት የሆነው…» አለች።

«አንዱ ለአንዱ እየነገረ ነው የሚመጡት። ሐዘንተኛ ሐዘንተኛን ያውቃል» አለች እህቷ። «አንዳንዴ ስምንት ይሆናሉ።»

ወቅት የሌለው መስመር። በዓመቱ ውስጥ የማይወጣ የማይወርድ፣ ዝናብና ዕረፍት የማይገደው፣ ከየቤቱ በየሳምንቱ እኩል ሰው እየቀነሰ የሚሄድ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ሰንጠረዥ አያስፈልግም ነበር። የዱካዋ ብረት በቀሚሷ ውስጥ ቀዘቀዛት።

«ነጩ ይቁም ተብሏል፤ እኔ ነኝ ያስባልኩት» አለች፤ ለዘለፋ የሰደረችው ቃል ሁሉ ከአፏ ጠፍቶ። «በየቤቱ ያሉትን ነጮች ሁሉ የሚያሠራው ኮምፒውተር ያለው ከኛ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። ማስመጣቱ ከቆመ እሱም ይጠፋል።»

እህቷ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፏ ጠረገች፤ አቧራ አልነበረም። ከዚያ የ«ተመልሼ እመጣለሁ» ሰሌዳዋን በሩ ላይ ሰቅላ «ነይ ምሳ እንብላ» አለች።

ቤታቸው ከሱቁ ሁለት መታጠፊያ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ በኩሽናው መስኮት ገብታ እስከ እናታቸው ክፍል ደጃፍ ብቻ ትደርሳለች። እህቷ በሩን ገፋችው። ክፍሉ ተንታኟ እንደፈራችው የተዘጋ ክፍል ሽታ አልነበረውም፤ የሳሙናና የተተኮሰ ልብስ ሽታ ነበረው፤ ሰው ያለበት ክፍል ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ ከአልጋው ፊት ለፊት፣ በመሳቢያው ላይ፣ የጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ነጩ ተቀምጧል። ከፊቱ ሁለት ወንበሮች አሉ። አንደኛው ላይ ትራስ አለ፤ እናታቸው ለወገቧ የምታደርገው።

በአሮጌው ማሽናቸው ላይ እናትየው የምትወደው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፦ የጠጠሩ። ባለቀለም ጠጠሮች ይበተናሉ፤ ሁለት ተጫዋቾች በየተራ ያነሳሉ፤ ማንሳት ያልፈለገ ተራውን ያሳልፋል፤ የመጨረሻዋን ጠጠር ያነሳ ያሸንፋል፤ ጨዋታውም ያበቃል። እናትየው ስትጫወት ታጭበረብራለች፣ ታላግጣለች፣ «ኧረ ዓይኔን አመመኝ» ብላ የልጆቿን ተራ ትነጥቃለች። የመጨረሻዋን ጠጠር ግን አታነሳም። አሳልፋ፣ አሳልፋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «ውሰጃት እንግዲህ፣ ላንቺ ነው የተውኩት» ትላለች። ያን የመጨረሻ ሳምንት «ነይ አንድ ዙር» ብላ ስትጠራት ታናሽየዋ «ቆይ እማዬ፣ ይህችን ሰንጠረዥ ልጨርስ» ብላ ነበር። ሰንጠረዡ አለቀ።

«ተቀመጪ» አለች እህቷ፤ ትራስ የሌለበትን ወንበር እያሳየቻት።

ጠጠሮቹ ሰማያዊው መስክ ላይ ተበተኑ። የእሷ ጠቋሚ ቢጫ ነው። ሌላኛው ነጭ ክብ ነው፤ ከመስኩ ግርጌ ቆሞ ነበር፤ አንዴ ተንቀጠቀጠና ወጣ። ተንታኟ መጀመሪያ የተጫወተችው ልትይዘው ነው፤ ሕጉን ልታገኝበት፣ የተሰፋበትን ክር ልትመዝ። ነጩ ክብ አንዷን ጠጠር ሊያነሳ ይሄድና ይቆማል፤ እንደሚያስብ፣ ወደ ጥግ ይመለሳል፤ ከጥግ ትንሿን ያነሳል። እሷም በትንሿ ጀመረች፤ ከእሷም ቀድሞ ወደ ጥግ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጠቅታው ብቻ ነው፤ አንዱ ጠቅታ የእሷ ነው፤ ሌላው የማንም ጣት ያልነካው። ባዶው ወንበር ላይ ትራሱ መሐሉ ጎድጉዶ ነበር። ላለማየት ጣረች፤ አየችው።

አንዲት ቀይ ጠጠር ቀረች። ተራው የነጩ ክብ ነበር። አጠገቧ ድረስ ሄደ፤ ቆመ፤ አሳለፈ። ተንታኟም አሳለፈች። አሳለፈ። አሳለፈች። አሳለፈ። ሰባት ጊዜ ቆጠረች፤ ቆጠራውን ረሳች።

«እማዬ» አለች፤ ድምፁ የሷ አልመሰላትም።

«ውሰጃት» አለች እህቷ ከኋላዋ፣ ቀስ ብላ። «ካልወሰድሻት እስከ ነገም ቢሆን ትጠብቅሻለች።»

ወሰደቻት። ስክሪኑ ጨለመ፤ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ የሁለቱ እህትማማቾች ፊት ታየ፤ በመካከላቸውም ወንበሩ። ምሳ አልተበላም። ሲወጡ እህቷ በሩን አልቆለፈችም፤ ገርበብ አደረገችው፤ ተኝቶ ያለን ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚደረገው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ያን የመሰለ ነገር በሕይወቷ ጽፋ አታውቅም። የጥቁሩንና የኪሱን ትንተና እንዳለ ተወችው፤ ከነጩ በታች ግን፣ ጠዋት የተናገረችው ስህተት መሆኑን፣ «ሁለተኛ እጅ» ማለት ያገለገለ ዕቃ ማለት አለመሆኑን፣ መስመሩ የማይንቀጠቀጠው ሞት ወቅት ስለማያውቅ መሆኑን፣ ነጩ ጥቁሩና የኪሱ ሊወስዱበት የማይችሉት ገበያ እንዳለው፣ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ከሁለት መቶ ሰማንያ በላይ ቤቶች ሁለተኛ ጊዜ እንደሚቀብሩ ጻፈች። መጨረሻው ላይ «ነጩ ይቀጥል» ብላ ስሟን አኖረችበት።

ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ነበር ያነበበው። ሁለተኛውን ገጽ ሲገልጥ ተቀመጠ።

«ይሄ ትንተና ነው ወይስ ለቅሶ?»

«እውነት ነው፣ ጌታዬ። መስመሩን ራስዎ አይተውታል።»

«መስመሩንማ አይቻለሁ። ሱቁ ያገለገለ ዕቃ ያዞራል ብለሽ ጠዋት ያስጨበጨብሽው አንቺ ነሽ። አሁን ደግሞ ሙታን ጌም ይጫወታሉ ልትይኝ ነው?» ወረቀቱን አገላበጠው። «ለመሆኑ ሻጯ ማናት?»

መዋሸት ትችል ነበር። ማንም አያውቅም።

«እህቴ ናት።»

ከታች ዕቃ ቤት ሳጥን ሲጎተት ይሰማል። «ቁጥር ዘመድ የለውም» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ማስመሪያ ከጎበጠ በኋላ ለምን ይሆናል? ለምንም። ነጩ ዛሬውኑ ይቆማል። ኮምፒውተሩ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋ። ሱቁ እስከ ወር መጨረሻ። አንቺ ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ቤት ወርደሽ ሳጥን ትቆጥሪያለሽ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች። «እቴቴ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አልቻልኩም።» በሌላው ጫፍ የመናኸሪያው ጥሩምባ፣ የቁልፍ ቀራጩ ሞተር፣ ትንፋሽ። «ሱቁን ዘግተሽ ቤት ሂጂ። ከሷ ጋር ሁኚ።»

«አንቺስ አትመጪም?»

«አልደርስም» አለች። እውነትም አትደርስም ነበር፤ አስር ደቂቃ ቀርቶታል፤ አውቶቡሱም በዚያ ሰዓት አይገኝም። ደግሞም፣ ይህን ለማንም አትናገረውም እንጂ፣ እዚያ መቀመጡን ፈርታዋለች። በምትኩ ደረጃውን ወደ ላይ ወጣች፤ የጥገና ክፍሉ በር ላይ፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ቆመች። ከመስታወቱ ማዶ ቁም ሣጥን የሚያክል ኮምፒውተር አረንጓዴ መብራቶቹን ያርገበግባል። ከእነዚያ መብራቶች የትኛው የነሱ ቤት እንደሆነ ለመገመት ሞከረች፤ የትኛው የሹፌሩ ወንድም። አንደኛው ከሌሎቹ ዘግየት ብሎ ይበራ ነበር፤ እሱን መረጠች። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የክፍሉ ጠጋኝ ተራ በተራ አጠፋቸው። የመረጠችው የመጨረሻ አልነበረም፤ መሐል ላይ፣ ከሌሎቹ ጋር፣ ጠፋ። ስልኳ አልጮኸም።

ጠጋኙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ጨዋታ የሚወድ፣ ደግ ሰው ነው። «ምነው ማስመሪያ፣ ልትቀብሪው መጣሽ?» አለና ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠ። «እኔማ ሲዘጋ አላዘንኩም። ውሸታም ማሽን ነው። ለመዝጋት ፈቃድ ስጠይቅ ፋብሪካው የላከልኝን ደብዳቤ ዛሬ ነው ያነበብኩት። ያ ይማራል የሚሉት ነገር አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም፤ ካርዱን ይውጣል እንጂ አያነበውም። ሁሉም ነጭ ውስጥ ያለው የአንዲት ሴትዮ እጅ ነው። ጨዋታውን እንድትፈትሽ የቀጠሯት ተራ ሠራተኛ ናት፤ የሷን አጨዋወት ቀድተው በሁሉም ላይ ጫኑት። ሴትዮዋ ጡረታ ወጥታ በደህና አለች አሉ።»

እሷ ግድግዳውን አልለቀቀችም። «የመጨረሻዋን ጠጠር የምትተወውስ?» አለች።

«እሱን ነው የሳቅሁበት» አለ ጠጋኙ፣ በሩን እየቆለፈ። «የመጨረሻዋን ካነሳች ጨዋታው ያልቃላ። የሚከፈላት በሰዓት ነበር።»